አምስተኛው ፖስታ

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 4
ታኅሣሥ 13

ለልጄ ለፅዮናዊት፣

ሌላውን ከማንበብሽ በፊት ይህን እወቂ፦ እኔ በሕይወት አለሁ። ትናንት የደረሰሽ ደብዳቤ በስህተት የተላከ ነው። ብሞት ብቻ እንዲደርስሽ የተጻፈ ነበር፤ አልሞትኩም። ይህን የምጽፍልሽ በራሴ እጅ፣ በራሴ ጠረጴዛ ላይ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ መስኮቱን ከፍቼ ነው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበዪ። ሰላምታን ወደ ሁለተኛው አንቀጽ ሳወርድ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ተማሪ ቢያደርገው ነጥብ እቀንስበት ነበር። እንደምን አለሽ? በሆድሽ ያለውስ? ባልሽ ዮሳዲቅስ ደህና ነው?

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳሽ። አንገቴ ላይ የነበረውን እብጠት ታስታውሻለሽ፤ «ሁለተኛው አገጭ» እያልሽ የምትስቂበትን። በጥቅምት እያደገ መጣ። ሐኪሙ እንቅርት ነው፣ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት አለኝ፤ ቀጠሮውንም ለታኅሣሥ 1 ያዘልኝ። አንቺ ያን ጊዜ ስድስተኛ ወርሽን ጨርሰሽ ነበር። እርጉዝ ሴት አትደንግጥ ተብሎ ወሬ ሁሉ ከበር በሚመለስበት ቤት ነው ያደግኩት። ስለዚህ እስኪያልፍ ድረስ እንዳትሰሚ ወሰንኩ።

ኅዳር 28 ከሰዓት በኋላ ተቀመጥኩና አምስት ደብዳቤ ጻፍኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር የሳምንቱን ትምህርት ዓርብ ሳላዘጋጅ ሰኞ ክፍል ገብቼ አላውቅም፤ ደብዳቤም እንደዚያው የሚዘጋጅ መሰለኝ። አራቱ ለሚቀጥሉት አራት ሳምንታት ነበሩ። ቀናቸውን ወደፊት አድርጌ ስለ አየሩ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ጎረቤታችን ስለ ማይሙና ዶሮዎች ጻፍኩባቸው። የደረሰሽ አንደኛው ብቻ ነው። እሑድ ድምፄን እንዳትጠብቂ የስልኬ ማይክ ተበላሽቷል ያልኩሽ እዚያ ላይ ነው። ስልኩ ደህና ነው። የተበላሸሁት እኔ ነኝ። አምስተኛውን ደብዳቤ የጻፍኩት ከሆስፒታሉ ሳልመለስ ብቀር ብዬ ነው።

ፖስታዎቹን ለማይሙና ሰጠኋት። ከተወለድሽ ጀምሮ ግድግዳ የምትጋራን ማይሙና አማርኛ እንደኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም፤ ስለዚህ በየፖስታው ላይ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ጻፍኩላት። የድሮ ተማሪዬ ሾፌሩ ጀንበሬ መኪናውን ጭኖ ከጭነት መኪናዎቹ መነሻ ከፔካ 12 ወደ ድሬዳዋ በሚነሳበት ሳምንት ሁሉ በተራ አንድ አንድ እንድትሰጠው፣ አምስተኛውን ግን ብሞት ብቻ እንድትልከው ነገርኳት። እሷም በጣቷ እየቆጠረች ደገመችልኝ።

ያላሰብኩት ዝናቡን ነው። ታኅሣሥ 8 እኔ ገና ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ከጠዋት እስከ ማታ ዘነበ። የማይሙና ቤት ከመንገዱ ዝቅ ስለሚል ውሃው ገባ፤ ፖስታዎቹን ያስቀመጠችበት ሳጥንም ራሰ። ደብዳቤዎቹን የጻፍኩት በእስክሪብቶ ነው። ቁጥሮቹን ግን ጎላ እንዲሉልኝ ብዬ በድሮው የብዕር ቀለም ጻፍኳቸው። እስክሪብቶው ቆየ፣ ቀለሙ ታጠበ። ማይሙና አራቱን ፖስታ በልብስ ገመድ ላይ ሰቅላ ስታደርቃቸው ሁሉም አንድ ሆኑባት። በማግስቱ ጀንበሬ መጣ። ወፍራሙን መርጣ ሰጠችው። «ወሬ የበዛበት ይሻላል ብዬ ነው፣ ሙዓሊማ» አለችኝ፤ በዓረብኛ «መምህርት» እያለች መጥራቷን ዛሬም አልተወችም። ሁለት ወረቀት ያለው አምስተኛው ብቻ ነበር።

ትናንት ስትደውዪ የሆነውን ታውቂዋለሽ። ሐኪሙ እንዳልናገር ስለከለከለኝ ስልኩን ያነሳችው ማይሙና ናት። «እናትሽ አትናገርም» ማለቷ ልታረጋጋሽ ነበር። ጩኸትሽን ከአልጋዬ ሆኜ ሰማሁት። በምስል እንዳንደውል ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ማስመሪያዬን አንስቼ ክፍል ውስጥ ዝም ላሰኛችሁ ስፈልግ እንደማደርገው ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ መታሁ። ጸጥ አልሽ። ከዚያ «እማዬ?» አልሽ። እኔም አንድ ጊዜ መታሁ።

ማታ የላክንልሽ ፎቶ እንደደረሰሽ ማይሙና ነግራኛለች። በአንገቴ ዙሪያ ያለው ፋሻ በሚቀጥለው ሳምንት ይነሳል። ስለ ድምፄ ሐኪሙ ይመለሳል አላለም፤ አይመለስም አላለም። ስድስት ሳምንት በሹክሹክታ እንኳ እንዳልናገር፣ ከከተማም እንዳልወጣ አዞኛል። ጥር 13 ያየኛል። የካቲት 5 መጥቼ ከጎንሽ እሆናለሁ ያልኩሽ ነገር በዚያ ቀን ይወሰናል። የመጀመሪያ ልጅሽን ያለ እኔ እንድትወልጂ አልፈልግም።

ማይሙናን አትቆጪያት። ስህተቱ የኔ ነው። የቀሩትን ሦስት ደብዳቤዎች ቀድጃቸዋለሁ። ከመቅደዴ በፊት አየኋቸው፤ የታኅሣሥ 10ኛው «ዛሬ ሰማዩ ጥርት ብሎ ውሏል፤ ልብስ አጥቤ አሰጣሁ» ይላል። በዚያ ቀን መንገዳችን ላይ ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ ነበር የሚሻገረው።

እናትሽ ወርቅነሽ


ድሬዳዋ
ታኅሣሥ 19

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ቁስልሽስ? እዚህ ሁላችንም ደህና ነን፤ የሆዴም ልጅ ይራገጣል።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ በሕይወት መኖርሽን ለማመን፤ ሁለተኛ ለመናደድ። ሦስተኛ ይቅርታ ያልሽበትን ቦታ ለመፈለግ። «ስህተቱ የኔ ነው» ብለሻል። ይቅርታ ግን የለም። ፊትና ጀርባውን ነው ያየሁት።

ጋሽ ጀንበሬ ማክሰኞ ደብዳቤሽን ይዞ ሲመጣ ዮሳዲቅ ከበር ሊሸኘው ነበር፤ አስገባው አልኩት።

«እናቴ ሆስፒታል መግባቷን ታውቅ ነበር?»

«እኔ የምጭነው ማዳበሪያ ነው» አለኝ።

«ታውቅ ነበር ወይ?»

«አራተኛ ክፍል ሳለሁ ዝም በል ብላኛለች። እስካሁን ተናገር አላለችኝም።»

«ያንን ፖስታስ?»

ባርኔጣውን አውልቆ በጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። «ወፈር ያለ ነበር» አለ። «ትደሰቻለሽ ብዬ ድንበሩ ከተማ ደወሌ ላይ ምሳ እንኳ ሳልበላ ነው የመጣሁት።»

ዮሳዲቅ ምሳ አቀረበለት።

አሁን ስለ አምስተኛው ደብዳቤ። ቅደጂው እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ አልቀደድኩትም። ሁለት ወረቀት፣ አራት ገጽ። የቤቱ ሰነድ በየትኛው ሳጥን እንዳለ። የጋዙ ጎማ በየስንት ጊዜው እንደሚቀየር። የአባቴ ፎቶ ከግድግዳ ሲወርድ ሚስማሩ ላልቶ ስለሆነ በሁለት እጅ እንዲያዝ። ትልቁ ድስት ለማይሙና፣ መጻሕፍቱ ለትምህርት ቤቱ፣ የጓዳው ቁልፍ የት እንደተሰቀለ። መጨረሻ ላይ፣ ከፊርማሽ በላይ፣ ለእኔ አንድ መስመር። «አንቺ ጎበዝ ልጅ ነሽ። በርቺ።»

እማዬ፣ ይህን እኮ በየዓመቱ ለስልሳ ልጅ ካርድ ላይ ትጽፊው ነበር። ካርዶቹን ማታ ማታ ስትሞዪ አጠገብሽ ተቀምጬ ቀለሙን በወረቀት የማደርቀው እኔ ነበርኩ። ሞተሻል ብዬ ባነበብኩበት ሰዓት ያገኘሁት የጋዝ ጎማና የካርድ አስተያየት ነው። ለጋዙ አንድ ሙሉ አንቀጽ ሰጥተሽዋል።

ሌላም ልነግርሽ የሚገባ ነገር አለ። የዮሳዲቅ እናት እትዬ ውዴ ከአዳማ መጥተው ሊያርሱኝ ከጠየቁኝ ቆይተዋል። እናቴ ትመጣለች እያልኩ እመልሳቸው ነበር። ባለፈው እሑድ እሺ አልኳቸው። ጥር 22 ይመጣሉ። አንቺ ጤናሽን ጠብቂ፤ ለእኔ አታስቢ። የካቲት 5ን ከዕቅድሽ አውጪው።

ፅዮናዊት


ጅቡቲ፣ ካርቲየ 4
ታኅሣሥ 24

ልጄ፣

ይቅርታ። እንዳትፈልጊው ብዬ መጀመሪያው መስመር ላይ አስቀመጥኩት።

ለጠየቅሽኝ ጥያቄ ሁሉ በእውነት እመልሳለሁ፤ ያልጠየቅሽኝንም እጨምራለሁ። ፋሻው ተነስቷል። ጠባሳው ከጣቴ ርዝመት ትንሽ ይበልጣል። ወጥቶ ለምርመራ የተላከው ሥጋ ክፉ ነገር አልተገኘበትም። ውጤቱ የመጣው ዛሬ ነው፤ እንደሚመጣ ባለፈው ደብዳቤ ሳልነግርሽ የቀረሁት ሆን ብዬ ነው። ይህ የመጨረሻው ነው። ከእንግዲህ የደበቅኩት የለም።

መዋጥ አሁንም ያስቸግረኛል። ጠዋት ዳቦ የሚያዞረው ሰው በጌቱን፣ ያንን ረጅም የፈረንሳይ ዳቦ፣ በር ላይ ሲያደርስልኝ ለስላሳውን መሀሉን አውጥቼ በወተት ሻይ እነክረዋለሁ። ቅርፊቱ ለማይሙና ዶሮዎች ይሄዳል። እንዲህ ሆነው ወፍረው አያውቁም። ከዚያ ወንበሬን ወደ ግቢው አወጣና ፀሐይ እስኪበረታ ድረስ እቀመጣለሁ። ብርዱ ዘንድሮ በርትቷል። አንቺ ብርድ አትዪው ይሆናል፤ እኛ ግን ቬንቲላተሩን በአሮጌ አንሶላ ጠቅልለን ካስቀመጥን ሁለት ሳምንታችን ነው፣ ማይሙናም ካልሲ አድርጋ ነው የምትውለው። ከሰዓት ነፋሱ ከባሕር በኩል ሲመጣ መስኮቱን ከፍቼ ብርድ ልብስ ጉልበቴ ላይ ጣል አድርጌ አነባለሁ። በሐምሌ እዚሁ ወንበር ላይ እንደማልቀመጥ ሳስበው የብርዱ ወራት ለታመመ ሰው ጥሩ ጊዜ ነው።

ከማይሙና ጋር የምንግባባው በማንኪያ ነው። ብርጭቆውን አንድ ጊዜ ከመታሁ ሻይ፣ ሁለት ጊዜ ሾርባ፣ ሦስት ጊዜ ዝም በዪ ማለት ነው። አንዱንና ሁለቱን ወዲያው ትሰማለች። ሦስቱን እስካሁን አልሰማችም። ስለ ባሏ፣ ስለ ዓሣው፣ ውሃ ስላበላሸባት ምንጣፍ ታወራኛለች። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንቺ ስትናገሪ እኔ ሰማሁ፤ አሁን ተራዬ ነው» ትላለች።

ጾሙን ከእኔ ይልቅ የምትጠብቅልኝ እሷ ናት። ሐኪሙ የሥጋ መረቅ ጠጪ ቢለኝ ነቢያትን ጨርሼ ነው ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። እሷም የሥጋ ሾርባዋን ፋህፋሁን ያለ ፍየል ሥጋ፣ በድንችና በካሮት ብቻ አፍልታ አመጣችልኝ። እያቀረበችልኝ «ይህ ፋህፋህ አይደለም፣ አትክልት የታጠበበት ውሃ ነው። ለሰው እንዳትነግሪ» አለችኝ። ለማን እነግራለሁ? ሁለት ሳህን ጠጣሁ።

እጄ ሥራ እንዳይፈታ የአባትሽን ሽርጦች አውጥቻለሁ። አባትሽ ከባቡር ጋራዡ ሲመለስ እጁን ታጥቦ የሚለብሳቸውን አራቱን። ከመታጠባቸው ብዛት እንደ ጥጥ ሆነዋል። ለአዲስ ልጅ ገላ አዲስ ጨርቅ ይሻክራል። ቀቅዬ፣ ተኩሼ፣ እያንዳንዱን ለሦስት ቆርጬ ጠርዙን በእጄ ሰፋሁት። አሥራ ሁለት ናቸው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ጀንበሬ ያደርስልሻል። አንቺም ተወልደሽ መጀመሪያ የተጠቀለልሽው በአያትሽ ነጠላ ቁራጭ ነበር።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ጀንበሬ ቤትሽ ገብቶ ሳለ ተኝተሽ እንዳነጋገርሽው አልነገረኝም፤ እሱ የሚጭነው ማዳበሪያ ነው። ግን በደብዳቤሽ ላይ ዮሳዲቅ አስገባው፣ ዮሳዲቅ ምሳ አቀረበ ይላል። አንቺ ለትልቅ ሰው ሳትነሺ የምትቀሪ ልጅ አይደለሽም። መስመሮችሽም በየገጹ ወደ ቀኝ ሲሄዱ ቁልቁል ይወርዳሉ። የተቀመጠ ሰው እንዲህ አይጽፍም። ፅዮን፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የተኛሽው?

እትዬ ውዴ መምጣታቸው መልካም ነው። ይህን ስጽፍ እጄ ከብዶኛል፤ ቢሆንም መልካም ነው። አራስ ያለ ትልቅ ሰው አትቀርም።

ስለዚያ አንድ መስመር የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ሁለት ጊዜ መልስ ጀምሬ ሁለቱንም ቀደድኩ። ሁለቱም ማስረጃ የሚያቀርቡ ነበሩ። ጊዜ ስጪኝ።

እናትሽ ወርቅነሽ


ድሬዳዋ
ጥር 3

እማዬ፣

እንኳን አደረሰሽ። በገና ምን በላሽ? ማይሙና ሥጋውን መለሰችልሽ?

የተኛሁት ከኅዳር 20 ጀምሮ ነው። ደም ግፊቴ ከፍ ብሎ እግሬ ስላበጠ ሐኪሟ ጎንሽን አሳርፊ፣ ከአልጋ የምትወርጂው ለመታጠብና ለመጸዳጃ ብቻ ነው አለችኝ። ሥራም አቁሜያለሁ። ያልነገርኩሽ እንዳትደነግጪ ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ዮሳዲቅ ከጀርባዬ ሆኖ አንብቦት ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ትንሽ አለቀስኩ። አንቺ ሆስፒታል ተኝተሽ ደህና ነኝ ትዪኛለሽ፣ እኔ አልጋ ላይ ተኝቼ ደህና ነኝ እልሻለሁ፣ ጋሽ ጀንበሬ ደግሞ የሁለታችንን ውሸት በማዳበሪያ ላይ ጭኖ ይመላለሳል።

አሁን ግፊቱ ወርዷል። ልጁም በሚገባ እያደገ ነው ብላኛለች። መስመሮቼ ዛሬም ቁልቁል ቢወርዱ አትደንግጪ፤ ትራሱ ነው።

ጨርቆቹ ደረሱኝ። አባቴን አባቴን ይሸቱ ይሆናል ብዬ አፍንጫዬ ላይ አደረግኳቸው። ሳሙና ሳሙና ነው የሚሉት። ቢሆንም ሰማያዊውን ባለ መስመሩን አወቅሁት፤ ጉልበቱ ላይ ተኝቼ መስመሮቹን እቆጥር ነበር። እሱን ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ። ዮሳዲቅ ይህኛው ለልጁ አይደለም እንዴ አለኝ። ለልጁ አሥራ አንድ ይበቃዋል አልኩት።

እትዬ ውዴ ሦስት ጊዜ ደወሉ። ደግ ሰው ናቸው። ገንፎው በምን ቅቤ እንደሚገነፋ ከዮሳዲቅ ጋር ከአሁኑ ተከራክረዋል። የሚያዝኑልኝ በልጃቸው ሚስትነት ነው፤ እኔ ግን በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገኝ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ይህን ጻፍኩ እንጂ ነይ አላልኩሽም። ያ አንድ መስመር ገና አልወጣልኝም። ጊዜ ስጪኝ ብለሻል፤ ውሰጂ። ግን መልሱን አትለፊው። አንቺ ትክክለኛውን መልስ ካላገኘሽ ባዶውን ትተሽ ወደሚቀጥለው ጥያቄ የምታልፊ ሰው ነሽ።

ጥር 13 ምን እንዳለሽ ንገሪኝ። ጥሩም ቢሆን መጥፎም ቢሆን በዚያው ቀን ጻፊው። ቀድመሽ እንዳትጽፊው።

ፅዮን


ጅቡቲ፣ ካርቲየ 4
ጥር 13

ለልጄ ለፅዮን፣

ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ዛሬ ነው። ከሐኪሙ ከተመለስኩ አንድ ሰዓት አልሞላኝም፤ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም።

ሐኪሙ ጉሮሮዬን በመስታወት አየና ከአንድ እስከ አሥር ቁጠሪ አለኝ። እስከ ሰባት ደረስኩ። ከዚያ በላይ ትንፋሽ እንጂ ድምፅ አልነበረም። እሱ ግን ተደሰተ፤ ከግማሽ በላይ ተመልሷል አለ። ቀሪው በወራት ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል። ዝግ ብዬ፣ ሳልጮኽ፣ በቀን ጥቂት ጥቂት እንድናገር ፈቀደልኝ። መንገድ መሄድም ተፈቅዶልኛል።

በር ላይ ማይሙና ትጠብቀኝ ነበር። «ማይሙና» አልኳት። ስድስት ሳምንት ሙሉ ያልጠራኋትን ስሟን። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ወደ ራሷ ተመለሰችና «ሙዓሊማ፣ ድምፅሽ የዓሣ ነጋዴ ድምፅ ሆኗል። አሁን ገበያ ልውሰድሽ እችላለሁ» አለችኝ። ሦስት ጊዜ ለመምታት ማንኪያ ፈለግሁ።

በጥምቀት ሴቶቹ እልል ሲሉ እኔ በእጄ አጨብጭቤ ነው የተመለስኩት። እልልታ ከእንግዲህ የሚሆንልኝ አይመስለኝም። የልጅ ልጄ ሲወለድ ከቤቱ ሴቶች ሁሉ ዝም የምለው እኔ እሆናለሁ። ማይሙና ስልኩን አቅርቡልኝ እንጂ ከዚህ ሆኜ እኔ እልል እልልሻለሁ ብላለች። ታደርገዋለች።

አሁን ወደዚያ መስመር ልመለስ። ባዶ አልተውኩትም።

አምስተኛውን ደብዳቤ ስጽፍ የምፈራው ነገር ነበር፤ ስለዚህ የማውቀውን ጻፍኩ። ሰነድ፣ ጋዝ፣ ሚስማር፣ ቁልፍ። መጨረሻ ላይ ስላንቺ ስደርስ እጄ ለሠላሳ አንድ ዓመት የለመደውን ጻፈ። የተማሪ ሥራ አድርጌ ባየው የምለው ይህን ነው፦ ጥያቄው ሌላ፣ መልሱ ሌላ።

መጻፍ የነበረብኝ ይህ ነው። ሦስተኛ ክፍል እኔ ዘንድ ስትማሪ ከደጁ ሳንገባ «ክፍል ውስጥ እማዬ የለችም፤ መምህርት ናት ያለችው» ብዬሽ ነበር። ሌሎቹ ልጆች እንዳይከፋቸው ነው። አንቺም አንድም ቀን ተሳስተሽ አታውቂም። ልክ እንደዛሬው የብርድ ወቅት ነበር፣ ነፋስ ያለበት ቀን። ከሦስተኛው መደዳ እጅሽን አወጣሽ። ፊትሽ ቀልቶ ነበር፤ ትኩሳት እንደያዘሽ ያወቅኩት በኋላ ነው። ቆመሽ «መምህርት፣ ደወሉ እስኪደወል ድረስ እማዬ ልበልሽ?» አልሽኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ማስመሪያዬን ሦስት ጊዜ መታሁና «ተቀመጪ። ደወሉ ሲደወል» አልኩሽ። ተቀመጥሽ። ሃያ አምስት ደቂቃ ጠበቅሽ። ደወሉ ሲደወል ጠረጴዛው ላይ ተኝተሽ ነበር፤ ተሸክሜሽ ወደ ቤት ሄድኩ።

አንቺ ረስተሽው ይሆናል። እኔ ግን ካርድ በሞላሁ ቁጥር አስታውሰዋለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ብዙ ነገር በትክክል ሠርቻለሁ፤ ያንን አላካካሰውም። በዚያ ሰዓት ማለት የነበረብኝ «ነይ» ነበር። አንዲት ቃል። በአምስተኛው ደብዳቤም አልጻፍኩልሽም። ስልኩ ላይ ስትጮኺም፣ ድምፅ ስላልነበረኝ፣ ያው ማስመሪያ ነው መልስ የሰጠሽ።

ስለዚህ ፅዮን፣ ስለመምጣቴ እያስታወቅኩሽ አይደለም፤ እየጠየቅኩሽ ነው። ኅዳር ላይ ያወጣሁትን ዕቅድ አውጥቼ የካቲት 5ን ሰርዤዋለሁ። በምትኩ የጻፍኩት ቀን የለም። እትዬ ውዴን ላስነሳ አልመጣም። ገንፎውን እሳቸው ያገንፉ፣ ቅቤውንም እሳቸው ይምረጡ፤ እንግዳም እሳቸው ይቀበሉ። እኔ እግርሽ ሥር እቀመጣለሁ። ጨርቆቹን አጥባለሁ፣ አጣጥፋለሁ። የምናገረው ጥቂት ነው፤ የሚሰማው ቅርብ ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። እማዬ ብለሽ ብትጠሪኝ ግን ደወል አልጠብቅም።

ባቡሩ ሊያደርሰኝ ይችላል። ጀንበሬም ጋቢናው ለመምህርት ምንጊዜም ክፍት ነው ብሏል፤ በመንገድ ላይ ዝም እንደሚልም ቃል ገብቷል። ማይሙና ቤቱን ትጠብቅልኛለች። ባለፈው ሳምንት ስምሽን በፊደል እንዳሳያት ጠይቃኝ ጻፍኩላት፤ ከእንግዲህ የማላነበውን አልልክም ብላለች። በዚህ ፖስታ ላይ ያለውን ስምሽን የጻፈችው እሷ ናት። አላረምኩትም።

ነይ ካልሽኝ ጓዜ ትንሽ ናት። አትምጪ ካልሽኝም ይገባኛል፤ ጨርቅ እየሰፋሁ እጠብቃለሁ። ጀንበሬ ሐሙስ ከሰዓት ከድሬዳዋ ይነሳል። ከዚህ በኋላ የተዘጋጀ ደብዳቤ የለኝም። ሳትውዪ ሳታድሪ መልሱን ጽፈሽ ስጪው።

እናትሽ